ካራ የለም

ሰበታ፣ ጎህ ሲቀድ

ከሰበታ የወጣነው ጎህ ሲቀድ ነው። የጥር ውርጭ የመኪናውን መስታወት አልብሶት ስለነበር ቶላ በመታወቂያው ጠርዝ ፍቆ ፍቆ አንድ ዐይን የምታህል ቀዳዳ አበጀና በዚያች እያየ መንዳት ጀመረ። ጋቢናው ውስጥ ሦስት ሆነን ተጣብበናል፤ ሹፌሩ ቶላ፣ ጎረቤቴ ጋሽ ከድር፣ በመሃል ደግሞ እኔ። እግሬ ሥር በነጭ አቡጀዲ የተጠቀለለ ካራ ተጋድሟል። ክንዴን የሚያህል፣ ለአረፋ በሬ ብቻ የሚወጣ፣ ትናንት ማታ ሲሳል ድምፁ እኔ ቤት ድረስ የተሰማ ካራ።

በዚህ ሰሞን ካራ ይዞ መንገድ መውጣት የጤና አይደለም። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ከተነገረም ወዲህ መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ይዘጋል። አስፋልቱ ላይ ድንጋይና የተቃጠለ ጎማ፣ ኬላው ላይ ፍተሻ። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ደስታዬ ሌላ ነው። ስንት ሳምንት ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ብቻ ስመላለስ ከርሜ ዛሬ ሰርግ ልሄድ ነው፤ ሌሊቱን በአንድ ጎኔ አልተኛሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ከድር ሰበታ ገበያ ዳር የከብት መኖ ይነግዳሉ። ድርቆሹን የሚያስመጡት ከሱሉልታ፣ ከኦቦ ለሜሳ ነው። አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ኦርቶዶክስ፤ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ገበሬ። ወዳጅነታቸው እኔ ሳልወለድ የተጀመረ ነው። በእኛ አገር የድግስ ቤት ሁለት በሬ እንደሚጣል መቼም ታውቃላችሁ፤ አንዱ በስመ አብ ተብሎ ለክርስቲያኑ፣ አንዱ ቢስሚላህ ተብሎ ለሙስሊሙ። ድንኳኑም ይለያል፣ ድስቱም ይለያል፣ ቢላዋውም ይለያል። ሁለቱ ወዳጆች በዚህ ላይ የራሳቸውን ደንብ ጨምረውበታል። በኦቦ ለሜሳ ቤት ለጋሽ ከድር ብቻ የተቀመጠ ካራ አለ፤ በጋሽ ከድር ቤትም ለኦቦ ለሜሳ ብቻ የተቀመጠ አለ። ሽንኩርት እንኳ አይከተፍበትም። አንዱ ሲደግስ የዚያኛውን ወገን በሬ የሚጥለው ወዳጁ ነው እንጂ ከሰፈር ሰው አይጠራም።

ዘንድሮ ግን ተኳረፉ። ከገና በፊት የጋሽ ከድር ድርቆሽ እንደተጫነ ሱሉልታ መውጫ ላይ ተቃጠለ። ማን እንዳቃጠለው አይታወቅም። ሹፌሩም መኪናውም በአላህ ኃይል ተረፉ። ጋሽ ከድርን የቆረጣቸው የድርቆሹ መቃጠል ሳይሆን ኦቦ ለሜሳ «አይዞህ» ሊሏቸው አለመምጣታቸው ነው። ደውለዋል፤ ግን «ለቅሶ በስልክ ይደረሳል እንዴ?» ይላሉ ጋሽ ከድር። ከዚያ ወዲያ የወዳጃቸውን ስልክ ማንሳት ተዉ። የኦቦ ለሜሳ ልጅ የጫልቱ ሰርግ ሲደርስም አልሄድም ብለው ሱቃቸው ውስጥ ቁጭ አሉ።

ሐሙስ ዕለት ስልኩ ሲጮህ ፍሩሽካ ልገዛ እዚያው ነበርኩ። የደወለውን ስም አዩና «አንቺ አንሺው» ብለው ጀርባቸውን አዞሩ። አነሳሁት። መስመሩ እንደ ምጣድ ላይ ቆሎ ይንጣጣል። ኦቦ ለሜሳ ሰላምታውን በኦሮምኛ ጀመሩ፣ ወደ አማርኛ ተሻገሩ፣ እንደገና ተመለሱ። የያዝኩት የመጨረሻውን ነው፤ «ለከድር ንገሪው... ካራ የለም... ካራ የለም በይው።» ተቋረጠ። መልሰን ስንሞክር ያቺ የማትሰለቸው ሴትዮ «የደወሉላቸው ደንበኛ» ማለት ጀመረች።

የሰማሁትን ነገርኳቸው። ጋሽ ከድር የያዙትን ማዳበሪያ ሳይቋጥሩ ቆሙ። ያ ሁሉ ዘመን ከምሰሶው ያልወረደ ካራዬ ዛሬ የት ገባ አሉ። ሊቆጡ ነው ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ቀስ እያለ ፈካ።

«ና ለማለት አፍሮ ነው» አሉ። «ካራ የለም ማለት ና ማለት ነው። ሌላ ምን ማለት ይሆናል?»

በማግስቱ ካራቸውን ሲስሉ አመሹ።

ረፋድ፣ በመናገሻ በኩል

ጤነኛ ሰው ከሰበታ ሱሉልታ ሲሄድ በዓለም ገና አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከተማውን ሰንጥቆ ይወጣል። እኛ ግን ካራ ይዘናል። ኬላው ላይ ከነአቡጀዲው ቢያገኙት ሰርግ ነው ብንል ማን ያምነናል? ስለዚህ ቶላ በሱባ ጫካ ሥር ዞሮ በመናገሻ ወጥቶ ቡራዩ እንግባ አለ። ቡራዩ ተወልዶ ያደገበት ነው፤ እናቱም እዚያው ናቸው። ከቡራዩ ወዲያ ላለው ደግሞ «ጌታ ያውቃል» አለ። ቶላ ጴንጤ ነው።

መንገዱ አቧራና ጉድጓድ ነው፤ ግን እንዴት ያምራል! በግራ በኩል ያረጁ ጽዶች፣ ጽዶቹ ላይ ነጭ ጭራቸውን ያንጠለጠሉ ጉሬዛዎች፣ በቀኝ የታጨደ የጤፍ ማሳና ክምር። ቶላ የኦሮምኛ መዝሙሩን ከፍ አድርጎ ከፈተ። ጋሽ ከድር ቀንሰው አሉት። ቀነሰው። ትንሽ ቆይቶ ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ዜማውን ሲመቱ አየሁና ቶላን በክርኔ ነካሁት። ሳቁን ዋጠ።

መናገሻ ላይ ቁርስ በላን። ትኩስ ወተት በብርጭቆ ስድስት ብር፣ ዳቦ ሁለት ብር። ቶላ ነገ ሰርጉ ላይ የትኛው ድንኳን እንደሚገባ ግራ ገብቶታል።

«ጋሼ፣ እኔ ከየትኛው በሬ ነው የምበላው?» አለ።

ጋሽ ከድር ወተታቸውን እፍ እያሉ፣ ጴንጤ ለሥጋ ሲሆን አይቸግረውም፣ ቀድሞ ከደረሰው ይበላል አሉት። የሻይ ቤቱ ባለቤት ሳይቀሩ ሳቁ። ሴትዮዋ አንገታቸው ላይ ማተብ አስረዋል፣ ግድግዳቸው ላይ የማርያም ሥዕል ሰቅለዋል፣ ከበሩ ጎን ደግሞ ለሶላት የሚሆን ውሃ በጀበና መሰል ማንቆርቆሪያ አስቀምጠዋል። ለማን ነው ስላቸው ለደንበኞቼ ነው አሉኝ፤ መጠየቄ ራሱ ሳይገርማቸው አልቀረም። የቡራዩ መንገድ ክፍት ይሆን ወይ ብንላቸው ግን ፈገግታቸው ጠፋ። ጠዋት ክፍት ነበር፣ አሁን እንጃ አሉ።

ቀትር፣ ቡራዩ መግቢያ

የገፈርሳን ግድብ አልፈን ገና ጥቂት እንደሄድን ቶላ ፍሬን ያዘ። አስፋልቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ድንጋይና ግንድ ተጋድሟል። ከድንጋዩ ወዲያ ደርዘን የሚያህሉ ወጣቶች ቆመዋል፤ ሁለቱ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አጣምረዋል። ቀይ ሹራብ የለበሰ ረጅም ልጅ ወደ እኛ መጣና በመስኮቱ አጎንብሶ ጋቢናውን ቃኘ።

«ካራን ጩፋ ዳ» አለ።

ካራ! እግሬ ሥር ያለውን አይቶታል። ከኋላ ያሉትም ተቀበሉት፤ «ካራ... ካራ...» ይባባላሉ። ቶላ በኦሮምኛ ሊመልስ አፉን ከፈተ፣ እኔ ግን አላስጨረስኩትም። ከደበቅነው የባሰ ይጠረጥሩናል፣ እውነቱ ያድነናል ብዬ ጎንበስ አልኩና አቡጀዲውን ፈታሁ። ካራውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ቶላን በደረቱ በኩል አልፌ በመስኮቱ አወጣሁት።

«ለሰርግ ነው!» አልኩ። «ካራው የሰርግ ነው!»

ልጁ ወደ ኋላ ዘለለ። ከኋላው ያሉት ጎንበስ ብለው ቀና ሲሉ በየእጃቸው ድንጋይ ነበር። የቀትር ፀሐይ ካራው ላይ ታበራለች። ቶላ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እየጸለየ ነው። ካራውን ወደ ውስጥ ልመልሰው ወይስ ልጣለው አላውቅም። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ጋሽ ከድር በሩን ከፍተው ወረዱ። ነጭ ቆባቸውን አስተካከሉ፣ ባዶ እጆቻቸውን ዘረጉ፣ ከዚያ «አከም ጅርቱ ኢጆሌ ኮ» አሉ፤ እንዴት ናችሁ ልጆቼ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያወሩትን አልተከታተልኩትም። የማየው የልጁን ፊት ነው። መጀመሪያ ቅንድቡ ተቋጠረ፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ከንፈሩን ነከሰ፣ ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ አንድ ነገር ሲላቸው ያ ሁሉ ሰው በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ድንጋዩን ጥሎ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ።

«አስቱ» አለኝ ቶላ ከመሪው ሳይነሳ፣ «ካራ ማለት በኦሮምኛ መንገድ ማለት ነው። መንገዱ ዝግ ነው ነው ያሉሽ።»

መንገድ ተዘግቷል ሲሏት ካራ የመዘዘች ሴት ሆንኩላችሁ። ሰበታ ከተቀመጥኩ ስንት ዓመቴ፣ ከሰላምታ አልፌ ኦሮምኛ አልተማርኩም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቀይ ሹራቡ ግን ነገሩ ገርሞታል። ወደ አማርኛ ዞሮ፣ «አባባ፣ እርስዎ ሙስሊም ነዎት። የኦርቶዶክስ ሰርግ ላይ በካራ ምን ያደርጋሉ?» ሲል ጠየቃቸው።

«እኔ ካልደረስኩ ግማሹ ድንኳን ጦሙን ያድራላ» አሉ ጋሽ ከድር።

ልጁ ነጭ ቆባቸውን አየ። ከዚያ የእሱም አያት ሠርግና ተስካር ሲሆን ለሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ለብቻ ያስጥሉ እንደነበር ተናገረ። ድንጋዩን ግን አላነሳም። ለመኪና አይከፈትም አለ፤ የቶላ እናት ቤት ቅርብ ስለሆነ መኪናውን በጓሮ በኩል አስገብተን በእግራችን እንድንሄድ ተስማማን።

«ካራ ለመኪና የለም» አለ ሲሰናበተን፣ ለእኔ እንዲገባኝ ቃሉን ረገጥ አድርጎ። «ለሰው አለ።»

ጋሽ ከድር አንድ እግራቸውን መኪናው ላይ አድርገው ቀሩ።

«አስቴር» አሉኝ። «ለሜሳ ሐሙስ ምን ነበር ያለሽ? ቃሉን ንገሪኝ፣ እንዳለ።»

ስናገረው እኔም ገባኝ።

«ካራ የለም» አልኩ።

ከሰዓት፣ የእማማ አለሚቱ ግቢ

የቶላ እናት እማማ አለሚቱ ድንች ቀቅለው በአዋዜ አቀረቡልን። ጋሽ ከድር አልበሉም። በርጩማ ላይ ተቀምጠው የተጠቀለለውን ካራ ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ይቅር በሉኝ ስላቸው፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም አሉኝ። እሳቸው ራሳቸው ኦሮምኛ ሲነግዱበት፣ ሲማማሉበት የኖሩ ሰው ናቸው። ልባቸው «ና» መባል ስለፈለገ ነው እንጂ ቅልቅሉን መለየት አያቅታቸውም ነበር።

«ና አላለኝም» አሉ ቀስ ብለው። «መንገድ የለም፣ አትምጣ ነው ያለኝ። ቶላ፣ እንመለስ።»

ይህን ሁሉ መንገድ በደስታ ስፈነጥዝ የመጣሁት በአንድ የተሳሳተ ቃል ላይ ተሳፍሬ ነው። ያ በሬ ሳይጣል፣ ያ ድንኳን ባዶውን ሊያድር ነው። እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ዛሬ ካልተገናኙ ከእንግዲህ በምን ምክንያት ይገናኛሉ?

እማማ አለሚቱ ነገሩን ከቶላ አፍ ከስር ከስሩ ሲሰሙ ቆይተው አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«ሰውየው ቤቱ አስፋልት ዳር ነው?»

«ኧረ የት!» አሉ ጋሽ ከድር። «ሜዳውን አቋርጠው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ መንገዱ መዘጋቱን በምን አወቀ?»

ጋሽ ከድር ካራውን ከጉልበታቸው አነሱና መሬት ላይ አስቀመጡት፣ እንደገና አነሱት። ድንቹን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው አንዱን መላጥ ጀመሩ። ሁላችንም እናያቸዋለን።

«ሊያይልኝ ወጥቶ ነበር ማለት ነው» አሉ።

እማማ አለሚቱ ሳይጸልዩልን አላስወጡንም። ተነስተን ቆምን። ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ በኢየሱስ ስም መንገዱን ገሰጹልን፣ ድንጋዩን አነሱልን፣ ካራውን ሳይቀር ባረኩት። እኔ በሆዴ አቡነ ዘበሰማያትን እደግማለሁ። ጋሽ ከድር መዳፎቻቸውን ዘርግተው ቆዩና ሲያልቅ «አሚን» አሉ። እማማ አለሚቱ «አሜን» አሉ። ከዚያ የወንድማቸውን ፈረስ አስመጥተው ጋሽ ከድርን ላዩ ላይ አስቀመጧቸው።

ከጋራው ላይ

ከቡራዩ ጀርባ ጋራውን ዞሮ ሱሉልታ የሚያወጣ የእግርና የፈረስ መንገድ አለ። ጋሽ ከድር በፈረስ፣ ቶላና እኔ በእግር። ባህር ዛፉ መሃል ቀዝቃዛ ነው፤ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ያጋጥሙናል። መንገዱ ለሁለት ሲከፈል አንዲት እናት አስቁሜ በሙሉ ድፍረት «ካራን ሱሉልታ ከም?» አልኳቸው። የሱሉልታ መንገድ የትኛው ነው ማለት ነው፤ ያስጠናኝ ቶላ ነው። ሴትዮዋ በአገጫቸው ወደ ቀኝ አሳዩኝና ገለቶሚ ብዬ ሳመሰግናቸው መረቁኝ። ከዚያ ወዲያ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ መንገድ መጠየቅ አማረኝ። ቶላ፣ አስቱ በቃ መንገዱ አንድ ነው እኮ አለኝ።

ጫፉ ላይ ስንደርስ የሱሉልታ ሜዳ ተዘረጋ። አቤት ስፋቱ! ቢጫ ሣር፣ በየቦታው የተከመረ ድርቆሽ፣ ቀጭን ወንዝ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ከዚያ ማዶ አነስ ያለች ሚናራ። ሩቅ፣ አስፋልቱ ላይ፣ የጎማ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከሜዳው ደግሞ የከበሮና የእልልታ ድምፅ ነፋሱ እያነሳ እየጣለ ያመጣዋል። ጋሽ ከድር ፈረሱን አቁመው ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ ረገጥ አደረጉት፤ እኛ በሩጫ ተከተልን።

ሱሉልታ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ

ግቢው በር ላይ የተቀበሉን የኦቦ ለሜሳ ባለቤት አዴ ብርቄ ናቸው። ጋሽ ከድርን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «በገ ነጋን ዱፍተን» አሉ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ከዚያ እንባና ሳቅ ተቀላቀለባቸው። ጋሽ ከድር ከፈረሱ ሳይወርዱ ለሜሳስ ብለው ጠየቁ።

«ለሜሳማ አስፋልት ነው» አሉ አዴ ብርቄ። «መንገድ የለም ብሎ ደውሎልህ፣ ስልኩን እንደዘጋ መልሶ መንገድ ሊያይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እንደዚሁ ነው፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል።»

ወደ ውስጥ ገባን። ሁለት ድንኳን ተተክሏል። በአንደኛው ከበሮው ይደለቃል። ሁለተኛው ባዶ ነው፤ ከጎኑ አንድ ቀይ በሬ ታስሮ ያመሰኳል። አዴ ብርቄ ሁሉን ነገሩን። የሙሽራዋ አጎት በዚህ ቀውጢ ጊዜ ማን ሊመጣ ነው፣ የሙስሊሞቹ ድንኳን ዘንድሮ ይቅር ብሏል። ኦቦ ለሜሳ፣ ድንኳኑ ከቀረ ሰርጉም ይቀራል አሉ። ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ደግሞ እኛው እንጣለው፣ ሰው አናጣም ሲሏቸው፣ «ከድር መንገድ ላይ ቢሆንስ?» ብለው ከለከሉ።

ካራው አለ ወይ አልኳቸው እኔ፣ ነገሩ ስለከነከነኝ። አዴ ብርቄ ጥያቄው አልገባቸውም። ወደ ቤት አስገብተው ምሰሶው ላይ አሳዩኝ፤ እንደተጠቀለለ ተንጠልጥሏል።

ስንወጣ ጋሽ ከድር ከጓሮው ጫፍ አንድ የድርቆሽ ክምር ፊት ቆመዋል። ከሌሎቹ ተለይቶ፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ በገመድ ታስሯል። ገመዱ የራሳቸው ነው፤ ከተቃጠለው ጭነት የተረፈ። አዴ ብርቄ ከኋላቸው ሆነው፣ ያንተ ነው፣ ለሜሳ ባዶ እጄን ሄጄ ምን ብዬ አይዞህ ልበለው እያለ መንገድ እስኪከፈት ይጠብቃል አሏቸው። ጋሽ ከድር የሸራውን ጠርዝ አስተካከሉ። መስተካከል አያስፈልገውም ነበር። ፊታቸውን ወደ እኛ እስኪያዞሩ ጊዜ ወሰደባቸው።

ከዚያ ሄደው በሬው አጠገብ ተቀመጡ፣ ካራቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ።

ኦቦ ለሜሳ በሜዳው በኩል መጡ። አጭር፣ ጋቢ የተከናነቡ፣ አቧራ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚራመዱት። በሩ ጋ ሲደርሱ ቀና አሉና በሬውን አዩ፣ ከዚያ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው አዩ። ምርኩዛቸው ከእጃቸው ወደቀ። ከበሮ የሚመቱት ልጃገረዶች አንድ በአንድ ዝም አሉ።

«ከድር» አሉ። «መንገዱን አሁን አይቼ መምጣቴ ነው። በየት ካራ መጣህ?»

ጋሽ ከድር ተነሱ። አቡጀዲውን ፈቱና ካራውን ከፍ አደረጉት።

«በዚህ» አሉ።

ተቃቅፈው ቆዩ። አንዱ ሲስቅ አንዱ ሲያለቅስ፣ ከዚያ ሲለዋወጡ፣ ማንም ሊያላቅቃቸው አልደፈረም። ካራው በመሃላቸው ስለነበረ ቀስ ብዬ ጠጋ አልኩና ከጋሽ ከድር እጅ ተቀበልኩት።